ሞተሩን ናፍጣ አትቀቡት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። የመኪና አምዳችሁን ሳላነብ አላልፍም። ጋዜጣው እኔ ሱቅ ከገባ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይውልና ማታ ጠርዙ በግሪስ ተለውሶ ነው የሚመለስልኝ። በቀደም ስለ ሞተር እጥበት ያወጣችሁት ጽሑፍ ግን ከነከነኝ። "ሞተራችሁን በየወሩ አሳጥቡ፤ ከታጠበ በኋላም መከላከያ ቅባት ይረጭበት" ይልና ያልፋል። በምን ይታጠብ? ቅባቱ ምን ዓይነት ይሁን? የት ይረጭ፣ የት አይረጭ? ምንም የለም። እኛ አገር ላቫጆ ገብተው "ቅባት ይረጭልኝ" ካሉ የሚረጨው የታወቀ ነው። ናፍጣ ነው። የባሰበት ቦታ ደግሞ የተቃጠለ ዘይት።

አምዱ የተወውን ልሙላ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

እኔ ሀዋሳ መናኸሪያ አካባቢ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ፊልትሮ፣ ኮይል፣ የራዲያተር ጎማ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ባለቤቴ ድሮ አይሱዙ ይነዳ ነበር። ወገቡ እምቢ ሲለው መሪውን ተወና ሱቁን አብረን ያዝን። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ግን ባንኮኒ ጀርባ የሚቆም ሰው መካኒክ የማያየውን ያያል። መካኒክ የሚያየው ጋራዥ የገባለትን መኪና ነው። እኔ ጋ የከተማው መኪና ሁሉ ሕመሙን ይዞ ይመጣል።

ቅዳሜና እሁድ ላቫጆው ይደምቃል። ሰኞ ጠዋት እኔ ሱቅ ይደምቃል። "ማዘር፣ የቪትዝ ኮይል አለሽ?" ይለኛል አንዱ ገና ደጃፉን ሳይረግጥ። "መኪናህን መቼ አሳጠብካት?" እለዋለሁ። ይደነግጣል። "ማን ነገረሽ?"

ማንም አልነገረኝም። ሰኞ ነው፤ በቃ።

ለገበያዬ ቢሆን ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ኮይል፣ ቤንዚኑን ለሚለኩሰው ካንዴላ ኤሌትሪክ የሚሰጠው ዕቃ፣ ውድ ነው፤ አንዱን የሚገዙበት ብር ስንት ጊዜ ላቫጆ ያስገባል። ግን ሰው በገንዘቡ ብልሽት ሲገዛ እያዩ ዝም ማለት ይከብዳል።

ላቫጆ ውስጥ የሚሆነውን ላላየ ልንገረው። ልጁ ኮፈኑን ከፍቶ በዘንጉ ይደግፈዋል። መኪናው ከመንገድ ገና መግባቱ ነው፤ ሞተሩ ይተኩሳል። ከኮምፕሬሰሩ ጋር የተያያዘች መርጫ አለች። ቀጭን ቱቦዋ የድሮ ዘይት ጄሪካን ውስጥ ገብታለች፤ ጄሪካኑ ግማሽ ድረስ ናፍጣ ነው። መርጫዋን ሲጫናት "ፊሽ" ትላለች፤ ሞተሩ ላይ ጭጋግ ይወርዳል። የጭሱ መውጫ ብረት፣ ማኒፎልዱ፣ ላይ ያረፈው ወዲያው ነጭ ጭስ ይሆናል። ልጁ ፊቱን ዞር አድርጎ ይቀጥላል። ከዚያ በኦሞ አረፋ ይፈገፈጋል። ከዚያ የግፊት ውሃው ይመጣል፤ ያገኘውን ሁሉ ይገርፋል። በመጨረሻ ደግሞ ሌላ ዙር ናፍጣ። ይሄኛው ለውበት ነው። ሞተሩ ቅቤ እንደጠገበ የሙሽራ ጸጉር ወዝቶ ይወጣል። ባለመኪናው ደስ ይለዋል፤ ጉርሻም ይጨምራል።

ልጆቹን እየወቀስኩ አይደለም። ደንበኛ የጠየቀውን ነው የሚሠሩት። ያላብለጨለጨ ልጅ "አልታጠበም እኮ!" ተብሎ ይሰደባል።

ናፍጣ ግሪስና ዘይት ይፈታል፤ እሱ እውነት ነው። ችግሩ ሌላም ነገር ይፈታል። ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ወፋፍራም ጎማዎች ብዙውን ጊዜ ኢፒዲኤም ከሚባል የጎማ ዓይነት ነው የሚሠሩት። ይሄ ጎማ ሙቀት ይችላል፣ ውሃና ኩላንት ይችላል። የነዳጅና የዘይት ነገር ግን አይሆንለትም። ይጠጣዋል፤ ያብጣል፤ ይልማል። ሱቄ ከሚመጡት አሮጌ ጎማዎች አንዳንዱን በሁለት ጣት ስጫነው ገብቶ ይቀራል፤ ላዩም እጅ ላይ ጥቁር ይለቃል። ማሰሪያው ያለበት ጫፍ ደግሞ አብጦ ከንፈር ሠርቶ ይገኛል። ባለመኪናው "ፌክ ሸጥሽልኝ" ይለኛል። ፌክ የሆነ ዕቃ ገበያው ላይ የለም አልልም፤ ሞልቷል። ግን ኦሪጅናሉም ቢሆን በየወሩ ናፍጣ እየተቀባ ዕድሜ አይኖረውም። ሞተሩን ከቻሲው ጋር የሚይዙት ጎማዎችም እንደዚሁ ናቸው። እነሱ ሲልሙ መኪናው ቆሞ እያለ መሪው በእጅ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ሰውየው ግን ካንዴላ ይቀይራል።

ቺንጋውን አትርሱ። ናፍጣ የነካው ቺንጋ ይንሸራተታል። ጠዋት መኪናው ሲነሳ የሚያሰማው ጩኸት ሰፈር ይቀሰቅሳል። ሲንሸራተት ዲናሞውን በደንብ አያዞረውም፤ ባትሪው አይሞላም። እኔ ቺንጋ እሸጣለሁ፤ ሌላው ባትሪ ይሸጣል። ሁላችንም እንጠቀማለን፤ ከባለመኪናው በቀር።

አቧራው ደግሞ አለ። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ከዋናው አስፋልት ትንሽ ወጣ ያለ መኪና ምን ለብሶ እንደሚመለስ የሀዋሳ ሰው ያውቀዋል። ደረቅ ሞተር ላይ ያረፈ አቧራ በብሩሽ ይራገፋል። ናፍጣ የተቀባ ሞተር ላይ ያረፈ አቧራ ግን ይጣበቃል። ሳምንት ሳይሞላው ጥቁር ሊጥ ይሆናል፤ ወር ሲሆነው ይደርቅና ቅርፊት ይሠራል። ከዚያ ሰውየው "መኪናዬ ቶሎ ትቆሽሻለች" ብሎ ተመልሶ ላቫጆ ይገባል።

እሳቱንስ? ናፍጣ ከ52 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ እሳት ሊይዝ የሚችል ትነት ማውጣት ይጀምራል። የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ ነው የሚሞቀው። በቤንዚን የሚያጥቡም አሉ። ቤንዚን ደግሞ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳን ትነቱ እሳት ይይዛል። የሞቀ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት ጨዋታ አይደለም። የባትሪ ገመድ አንዴ ብልጭ ካለ አለቀ።

አሁን ወደ ኮይሉ ልመለስ። የሰኞው ጉድ እሱ ነውና።

የድሮው ዲኤክስ ኮሮላ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍል ዲስትሪቢዩተር ነበረው። ውሃ ሲገባበት አልነሳም ይላል። ሹፌሩ ቆቡን ከፍቶ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ፣ ትንሽ ፀሐይ አስመትቶ ይሄዳል። አለቀ። የድሮ ናፍጣ መኪና ደግሞ ጭራሽ የሚረጥብ ካንዴላ የለውም። ሞተር በግፊት ውሃ የመግረፍ ልማዳችን ከነዚህ መኪኖች የመጣ ይመስለኛል። እነሱ ይችሉት ነበር።

ቪትዝ፣ ያሪስ፣ አዲሶቹ ኮሮላዎች ግን ሌላ ናቸው። እያንዳንዱ ካንዴላ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል፤ በላዩ የራሱ ኮይል እንደ ቡሽ ይወተፍበታል። የኮይሉ ጎማ ዝናብና ፍንጣቂ ይከላከላል። በክንድ ርቀት በግፊት የሚመጣን ውሃ ግን እንዲከላከል ተብሎ አልተሠራም። ጎማው በሙቀት ብዛት ከደረቀማ ጭራሽ። ውሃው አንዴ ጉድጓዱ ውስጥ ከገባ መውጫ የለውም። እሳቱ ካንዴላው ጫፍ ላይ መዝለሉን ትቶ በእርጥበቱ በኩል ወደ ጎን ወደ ብረቱ ያመልጣል። ያ ሲሊንደር ሥራ ያቆማል። መኪናው ይንቀጠቀጣል፤ ዳገት ላይ ይለግማል። የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። መመርመሪያው ሲሰካ ፒ0301 ወይም ፒ0303 ያለ ኮድ ይወጣል። የመጨረሻዋ ቁጥር የታመመውን ሲሊንደር ነው የምትነግረን፤ 1 ከሆነች አንደኛው፣ 3 ከሆነች ሦስተኛው።

እዚህ ላይ ነው ሰው ወደ እኔ የሚሮጠው። ግን ብዙውን ጊዜ ኮይሉ አልሞተም፤ ረጥቦ ነው። አንድ የተማሪ ሰርቪስ የሚሠራ ልጅ ኮድ የተጻፈበት ወረቀት ይዞ መጣ። ኮይሉን አወጣሁለት፤ ብሩንም ቆጠረ። "እስቲ መጀመሪያ ኮፈኑን ክፈትልኝ" አልኩት። ባለቤቴ ሦስተኛውን ኮይል በ10 ቁጥር ቁልፍ ፈታና ወደ ላይ ሳበው። ረዥሙ የጎማ እግሩ ከጉድጓዱ ሲወጣ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። ኦሞ ኦሞ ይሸታል። በኮምፕሬሰር አየር ጉድጓዱን ነፉት፤ ኮይሉን በደረቅ ጨርቅ ጠረጉት፤ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው ሻይ ጠጡ። ሲመልሱት መኪናዋ እንደ ድሮዋ ሆነች። አዲሱን ኮይል ወደ መደርደሪያዬ መለስኩ። ባለቤቴ "አንቺ ነጋዴ አይደለሽም" አለኝ። ልጁ ግን ከዚያ ወዲህ ፊልትሮ ሲፈልግ ሌላ ሱቅ አይሄድም።

ስለዚህ ከእጥበት በኋላ መኪናችሁ ከተንቀጠቀጠ ዕቃ ለመግዛት አትቸኩሉ። አድርቁት። መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ግን ይላመዳል ብላችሁ አትንዱ። ያልተቃጠለው ቤንዚን በጭስ ማውጫው ወርዶ ጭሱን በሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ውስጥ ይቃጠላል፤ እሱን ያቀልጠዋል። የእሱን ዋጋ ደግሞ አትጠይቁኝ።

ዲናሞም ውሃ ይጠላል። ሙቀቱ እንዲወጣለት ዙሪያውን ክፍት ነው፤ ስለዚህ ውሃም፣ ሳሙናም፣ ናፍጣም እንደ ልብ ይገባል። ውስጡ ካርቦኖች አሉ፤ ኩሽኔታ አለ፤ ኤሌክትሮኒክስ አለ። ጤነኛ ዲናሞ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከእጥበት በኋላ ከ13 በታች ከወረደ ጠርጥሩ።

እዚህ ድረስ ያነበበ ሰው "ታዲያ ሞተር አይታጠብ ነው የምትይው?" ይለኝ ይሆናል። ኧረ ይጽዳ! ዘይት የለበሰ ሞተር ላይ የሚያፈሰው ቦታ አይታይም። የጉርኒሲዮን፣ የብረቶቹ መጋጠሚያ ማሸጊያ፣ ፍሳሽ ገና ጠብ ጠብ ሲል የሚታየው ንጹሕ ሞተር ላይ ነው። ማኒፎልድ አጠገብ የተጠራቀመ ዘይትና ቅጠል እሳት ነው። አይጥም ትገባበታለች። እኛ ሰፈር አንዱ መኪናውን ለክረምቱ አቁሞ ሲመለስ የካንዴላ ገመዱ ተበልቶ ነው ያገኘው። የባጃጅ ሞተርማ በተለይ ይጽዳ። ከኋላ ተደብቆ ነው ያለው፤ የሚቀዘቅዘውም ባብዛኛው ዙሪያውን ባሉት የብረት ክንፎች ነው። ክንፎቹ መሀል ጭቃ ከደረቀ ይግላል። ባጃጅ ነጂዎች ግን ወንበሩን ሲያሳምሩ ነው የሚውሉት።

ጥያቄው ለምን እንደሚጸዳ ነው። ብዙ ሰው ሞተር የሚያሳጥበው ለሁለት ነገር ነው፤ ለቦሎና ለሽያጭ። ቦሎ ሲደርስ ፍሳሹ እንዳይታይ ይታጠባል። ሊሸጥ ሲል ደግሞ ደላላው "አንዴ ላቫጆ አስገባት" ይላል። በናፍጣ የወዛ ሞተር ላይ የዘይት ፍሳሽ ከናፍጣው አይለይም፤ ሁሉም ወዝ ነው። መኪና የምትገዙ ሰዎች ሞተሩ ከመጠን በላይ ካብለጨለጨ ደስ አይበላችሁ። አሽትቱት። ናፍጣ ናፍጣ ካለ ለባለቤቱ "በደረቅ ጨርቅ ጠርገን ወደ ሻሸመኔ እንንዳትና እንመለስ" በሉት። ስትመለሱ ኮፈኑን ክፈቱ፤ ከስር ካርቶን አንጥፉ። ያኔ ሞተሩ ራሱ ይናገራል። ባለቤቱ እምቢ ካለም መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ባለቤቴ የራሳችንን መኪና ግቢ ውስጥ ነው የሚያጸዳት። ሌሊቱን ቆማ ስታድር፣ በማለዳ። የቀዘቀዘ ብረት ላይ ነው የሚሠራው። የጋለ ማኒፎልድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከተደፋ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ጭሱን የሚለካው የኦክስጅን ሴንሰርም ውስጡ ሴራሚክ ስለሆነ ድንገተኛ ቅዝቃዜ አይወድም። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፈታል። ሁልጊዜ ኔጋቲቭ መጀመሪያ ይፈታል፣ መጨረሻ ይታሰራል፤ ቁልፉ ድንገት ብረት ቢነካ ብልጭታ እንዳይፈጠር። ከዚያ በፌስታልና በላስቲክ ዲናሞውን፣ የኮይሎቹን አናት፣ የፊዩዝ ሳጥኑንና የአየር ፊልትሮውን አፍ ይሸፍናል። አዲስ የቀለም ብሩሽ አለችው። በእሷ ደረቁን አቧራ ያራግፋል። ግማሹ ቆሻሻ እዚያ ላይ ያልቃል።

ዘይት የያዘውን ቦታ ለብ ባለ ውሃ በቀጠነ ፈሳሽ ሳሙና ይቀባና ትንሽ ይታገሠዋል። ጥጋጥጉን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈገፍጋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ኮስቲክ ሶዳ የበዛበት ሳሙና አልሙኒየም ይበላል። ሞተሩ ላይ ነጭ ጠቃጠቆ ጥሎ ይሄዳል፤ ያ ደግሞ በምንም አይለቅም። ሳሙናውን በእርጥብ ጨርቅ ነው የሚያነሳው። ማጠብ ካስፈለገው የጸጉር ውሃ መርጫ አለችው፤ በእሷ ነው። በግፊት አይነካውም። ሲጨርስ ፌስታሉን አንስቶ በደረቅ ጨርቅ ያብሳል፤ ኮፈኑን ከፍቶ ፀሐይ ያስመታዋል። ከዚያ ባትሪውን አስሮ ያስነሳና ቆማ እንድትሠራ ይተዋታል። የራዲያተሩን ፊት ግን አይረሳም፤ ነፍሳትና ገለባ የሚሰካበት እዚያ ነው። ክንፎቹ ስስ ስለሆኑ ከኋላ ወደ ፊት በቀስታ ውሃ ያፈስባቸዋል። ለሞተሩ ሙቀት ከሆነ የምትጨነቁት፣ ከማብለጭለጩ ይልቅ ይቺ ትጠቅማለች።

አሁን መከላከያ ቅባቱ። አምዳችሁ ያወራው ስለ እሱ ነበር።

እንደኔ እንደኔ አብዛኛው መኪና ምንም አያስፈልገውም። ምክሩ የመጣው ከብርድ አገር ይመስለኛል። እነሱ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ፤ ጨው ብረት ይበላል፤ ስለዚህ ይቀባሉ። ሀዋሳ መንገድ ላይ ጨው የሚበትን የለም። "የለም፣ እኔ ፕላስቲኩ እንዲያምርልኝ እፈልጋለሁ" የሚል ካለ በውሃ የተሠራውን ይግዛ። ነጭ ሆኖ ውሃ ውሃ ይላል፤ ቤንዚን አይሸትም። የቀዘቀዘና የደረቀ ሞተር ላይ፣ ጨርቅ ላይ አድርጎ የፕላስቲክ ክዳኖቹንና ጎማዎቹን ማበስ ነው። የተረፈውን በሌላ ደረቅ ጨርቅ ማንሳት። ቺንጋ አይነካ፤ ማኒፎልድ አይነካ። ሲሊኮን ስፕሬይ ደግሞ የአየር ፊልትሮው አካባቢ አይረጭ፤ ሞተሩ ከሳበው የኦክስጅን ሴንሰሩን ያበላሸዋል።

ሰሞኑን ደግሞ ሞተሩን በሙሉ ክሊር ላክ የሚባል ቀለም አልባ ማብለጭለጫ ቅብ የሚረጩ መጥተዋል። ስፕሬዩን አምጪልን እያሉኝ ነው። አላመጣም። ከስር ዘይት ካለ ላኩ አይዝም፤ ከያዘም ሙቀቱ ቢጫ ያደርገውና ይላጣል። ነገ ጥገና ሲመጣ ደግሞ ብሎኑ ሁሉ ተጣብቆ ይጠብቃችኋል።

ዋጋ ያለው ቅባት አንድ ቦታ አለ፤ የባትሪው ተርሚናል ላይ። ያንን ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ታውቁታላችሁ። ኔጋቲቩን ከዚያ ፖዘቲቩን ፈትታችሁ፣ የቤት ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ አፍስሱበት። ይንጨረጨራል፤ አሲዱን እያከሸፈ ነው። ወደ ባትሪው ውስጥ ግን እንዳይገባ። በብሩሽ ፈግፍጉ፣ አድርቁ፣ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ከታሰረ በኋላ ከላይ ቫዝሊን ቀቡት። ይኸው ነው። ለዚህ እኔ ሱቅ መምጣት እንኳን አያስፈልግም፤ ቫዝሊኑ ቤታችሁ አለ።

አንድ ሌላ ነገር ሳልጽፍ ብቀር ሀዋሳ መኖሬ ምን ሊጠቅም። ላቫጆ ውስጥ ያ ሁሉ ናፍጣና የሞተር ዘይት ከአረፋው ጋር የት ይሄዳል? ቦይ ለቦይ ወርዶ ወደ ሐይቁ ነው። የሀዋሳ ሐይቅ ደግሞ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። የገባበት ነገር እዚያው ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የአንድ ጊዜ ዘይት ቅያሪ የተቃጠለ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሊበክል ይችላል ይላል። እሁድ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄደን ቆሮሶና አምባዛ ዓሣ የምንበላ እኛው ነን። ቅዳሜ ሞተር በናፍጣ የምናሳጥበውም እኛው።

መፍትሔው ያን ያህል ውድ አይደለም። ዘይት ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ሁለት ሦስት ክፍል ያለው የሲሚንቶ ጉድጓድ ተሠርቶ ውሃው ከአንዱ ወደ ሌላው ከስር በኩል እንዲያልፍ ከተደረገ፣ ዘይቱ ከላይ ይቀራል። እሱን እየቀዱ በበርሜል ማጠራቀም ነው። ከተማው ለላቫጆ ፈቃድ ሲሰጥም ሲያድስም ይሄ ጉድጓድ መኖሩን ገብቶ ቢያይ ደስ ይለኛል። ያለ ጉድጓድ ሞተር ማጠብ ይከልከል። የመኪናውን ሰውነት ማጠብ ይቀጥሉ፤ የልጆቹ እንጀራ እሱ ነው። ወንዝ ዳርና ሐይቅ ዳር አቁመው የሚያጥቡትን ግን ዝም ማለት አይገባም።

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ኤሌትሪክ መኪና እኛም ጋ በዝቷል። ያለው ነዳጅ መኪና ደግሞ ብዙ መቆየት ሊኖርበት ነው። ከሰሞኑ አንድ ደንበኛ ኤሌትሪክ መኪናውን ላቫጆ አስገብቶ "ከኮፈኑ ስርም በደንብ አድርጋችሁ እጠቡት" ሲል ሰማሁ። ብርቱካናማ ገመዶቹ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሸከሙ ስለሆኑ የግፊት ውሃም ሆነ ብሩሽ እንዳያስነካቸው ነገርኩት። 12 ቮልቷ ትንሿ ባትሪም እንዳለች፣ የእሷ ተርሚናል እንደማንኛውም እንደሚጸዳ ነገርኩት። ከዚያ በላይ ሲጠይቀኝ ግን ወደ አምዳችሁ ነው የላክሁት። የኤሌትሪክ መኪና ጥገና የሚያውቅ ባለሙያ ፈልጋችሁ በሚቀጥለው እትም ብታወጡልን። ላቫጆ የሚሠሩት ልጆች እንዲያነቡትም በቀላል አማርኛ ይሁን። ጋዜጣውን እኔ ግድግዳቸው ላይ እለጥፍላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የመለዋወጫ ነጋዴ፣ ከሀዋሳ